ስልኩን መንጠቅ ወይስ መጠየቅ?

ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ ሁለት ዓይነት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በተቀራራቢ ጊዜ ለገበያ ቀርበው እጅግ የተለያየ ዕጣ ገጥሟቸዋል። አንደኛው ብዙኃኑ ሊገዛው እንዲችል ተደርጎ የተሠራው ርካሽ ዘመናዊ ስልክ ነው። ሁለተኛው ሳይነካ፣ እጅ በአየር ላይ ሲወዛወዝለት የሚታዘዝ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው በታላቅ ውዳሴ እየመጣ በተደጋጋሚ ከመደርደሪያ ወርዷል። አንደኛው ግን ያለ ብዙ ውዳሴ ከመርካቶ ተነስቶ እስከ ገጠር ከተሞች ዘልቋል፤ ዛሬ የብዙዎቻችሁ ኪስ ውስጥ ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዕቃዎቹን ማስተዋወቅ ወይም ማጣጣል አይደለም። የጸሐፊው እምነት በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሁለቱም ዕቃዎች የቆሙት በአንድ ዓይነት ፊዚክስ ላይ ነው። ይህንን ፊዚክስ የተረዳ ተማሪ፣ ውዱ መሣሪያ ሊሠራው የሞከረውን ሥራ በርካሹ ስልክ ሊሞክረው ይችላል። በመሆኑም ስልክን ከተማሪ እጅ መንጠቅን ብቸኛ መፍትሔ ያደረጉ ትምህርት ቤቶች ያላቸውን ቤተ ሙከራ በገዛ እጃቸው እየቆለፉት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ያለ ንክኪ የማዘዝ ረጅም ታሪክ

ያለ ንክኪ የማዘዝ ሐሳብ አንድ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በ1920 ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ሌቭ ቴርሚን ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የሙዚቃ መሣሪያ ሠራ። ተጫዋቹ መሣሪያውን አይነካውም። አንድ እጁን ወደ አንዱ አንቴና ሲያቀርብ የድምፁ ቅጥነት ይለወጣል፤ ሌላውን እጁን ወደ ሌላው አንቴና ሲያቀርብ ደግሞ የድምፁ ጉልህነት ይለወጣል። የሰው እጅ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ አካል በመሆኑ ከአንቴናው ጋር አነስተኛ ካፓሲተር ይፈጥራል። ርቀቱ ሲለወጥ ካፓሲታንሱ፣ ካፓሲታንሱ ሲለወጥ ደግሞ የሰርኪዩቱ ፍሪኩዌንሲ ይለወጣል። በሁለተኛ ደረጃ መጽሐፋችሁ ውስጥ ስለ ካፓሲተር የተጻፈው ምዕራፍ ለሙዚቃ ሲውል ይህንን ይመስላል።

ከዘጠና ዓመታት በኋላ፣ በኅዳር 2010፣ ማይክሮሶፍት ኪኔክት የተባለውን የጨዋታ መሣሪያ አወጣ። ይህ መሣሪያ በዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ጨረር በነጠብጣብ መልክ ክፍሉ ውስጥ ይረጫል። ነጠብጣቦቹ በሰውና በዕቃ ላይ ሲያርፉ የሚፈጥሩትን መዛባት በካሜራ ተመልክቶ የእያንዳንዱን ነጥብ ርቀት ያሰላል። መሣሪያው በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት 8 ሚሊዮን ያህል ተሽጦ በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፈረ። ይሁን እንጂ በ2017 ምርቱ ቆመ።

በ2013 ሊፕ ሞሽን የተባለ፣ ዋጋው 80 ዶላር ያህል የሆነ፣ ጣቶችን በሁለት የኢንፍራሬድ ካሜራዎች የሚከታተል አነስተኛ ዕቃ ወጣ። በዚያው ዓመት ሳምሰንግ በኤስ 4 ስልኩ ላይ በአየር ላይ የእጅ ምልክት የሚሠራ ሴንሰር ጨመረ። ጉግል ደግሞ በ2019 በፒክስል 4 ስልኩ ውስጥ ሶሊ የተባለች ራዳር አኖረ። ይህች ራዳር በ60 ጊጋ ሄርዝ ትሠራለች፤ የሞገዷ ርዝመት 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ተከታዩ ፒክስል 5 በ2020 ሲወጣ ግን ራዳሯ ከስልኩ ውስጥ አልነበረችም። ፒክስል 4 ራሱ ሕንድ ውስጥ ለሽያጭ አልቀረበም፤ በዚያ አገር የ60 ጊጋ ሄርዝ ሞገድ ለዚህ ተግባር ፈቃድ ስላልተገኘለት ነበር። አንድ ቴክኖሎጂ ከፊዚክስ ሕግ ሌላ የአገር ሕግም እንዳለበት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ለምን አልዘለቁም?

ምክንያቱን ብዙዎች በዋጋ ያሳብባሉ። ዋጋ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ከዋጋ ይልቅ ጠንካሮቹ ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም በወረቀትና በእርሳስ ሊሰሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የክንድ ድካም ነው። የአንድ ሰው ክንድ ክብደት ከሰውነቱ 5 በመቶ ያህል ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ እንግዲህ 3 ኪሎ ያህል ክንድ ተሸክሟል ማለት ነው። ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ ሲይዝ የክንዱ የክብደት ማዕከል ከትከሻው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ትከሻው የሚሸከመው ቶርክ 3 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ0.3፣ ማለትም 9 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ክንዱ ካልተንቀሳቀሰ በፊዚክስ ትርጉም የተሠራ ሥራ ዜሮ ነው። የጡንቻ ሕዋሳት ግን ክንዱን በቦታው ለማቆየት ብቻ ያለማቋረጥ ኃይል ያቃጥላሉ፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ትከሻ ይዝላል። በስልክ ገጽ ላይ ግን የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ግራም የሚመዝን የጣት ጫፍ ነው። ሰው ሁለቱን አመዛዝኖ ጣቱን ቢመርጥ የሚያስገርም አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የተሳሳተ ትዕዛዝ ነው። ያለ ንክኪ የሚታዘዝ መሣሪያ ሁልጊዜ ነቅቶ መመልከት አለበት። በሴኮንድ 10 ጊዜ “ይህ ትዕዛዝ ነው ወይስ አይደለም?” ብሎ ራሱን ይጠይቃል እንበል። በ8 ሰዓት ውስጥ 288,000 ጊዜ ይወስናል። ከ10,000 ውሳኔዎች አንዱን ብቻ የሚሳሳት እጅግ ጥሩ መሣሪያ ቢሆን እንኳ በቀን 29 ያህል ጊዜ ባለቤቱ ያላዘዘውን ይሠራል። ባለቤቱ ዝንብ ሲያባርር ዘፈን ይቀየራል፤ ፀጉሩን ሲያስተካክል ስልክ ይዘጋል። የሚነካ ቁልፍ ይህ ችግር የለበትም፤ መንካቱ ራሱ የፈቃድ ማረጋገጫ ነውና።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ዕውቀቱ ከዕቃው ጋር አልተቀበረም። የመጀመሪያውን ኪኔክት ዓይን የሠራውን የእስራኤል ኩባንያ፣ ፕራይምሴንስን፣ አፕል በ2013 ገዛው። በ2017 በወጣው አይፎን 10 ላይ የባለቤቱን ፊት የሚለየው የነጠብጣብ ጨረር የዚያው ሐሳብ ታናሽ ወንድም ነው። የጡንቻን የኤሌክትሪክ ምልክት አንብቦ ትዕዛዝ የሚያስተላልፈው ማዮ የተባለው የክንድ ቀለበት በ2018 ሽያጩ ቢቆምም፣ በ2025 ሜታ ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው የእጅ አንጓ ማሰሪያ ከመነጽር ጋር አድርጎ በ799 ዶላር ለገበያ አቅርቧል። ክንድን አንጠልጥሎ መያዝ እንዳያስፈልግ ምልክቱ ከእጅ አንጓ መነበቡን ልብ ይሏል። መሐንዲሶቹ ከትከሻው ቶርክ ተምረዋል ማለት ነው።

ርካሹ ስልክ እንዴት ርካሽ ሆነ?

አሁን ወደ ኪሳችን እንመለስ። በ2011 ኬንያ ውስጥ የሁዋዌ አይዲዮስ ስልክ በ100 ዶላር አካባቢ ሲሸጥ ብዙዎችን አስደንቆ ነበር። በዚያው ዓመት የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ባለቤት የሆነው የቻይናው ትራንሽን ኩባንያ በአገራችን ስልክ መገጣጠም ጀመረ። በ2014 ጉግል ለሕንድ ገበያ ከ100 ዶላር ብዙም ያልራቁ ስልኮች የሚሠሩበትን እቅድ አስተዋወቀ። ውድድሩ በ2016 ወደ ቀልድ ተቃረበ፤ አንድ የሕንድ ኩባንያ በ251 ሩፒ፣ ማለትም ከ4 ዶላር ባነሰ ዋጋ ዘመናዊ ስልክ እሸጣለሁ ብሎ አወጀ። የተመዘገበው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር፤ ቃል የተገባው ስልክ ግን በዚያ ብዛት አልደረሰም። የስክሪን፣ የባትሪና የቺፕ ዋጋ ሲደመር ሊወርድበት የማይችል ወለል አለውና።

ርካሽነትም አንጻራዊ ነው። በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዶላር ዋጋው ያልጨመረ ስልክ በብር እጥፍ ገደማ ተወደደ። ስለዚህ “ሁሉም ተማሪ ስልክ አለው” የሚለው አባባል ከእውነት የራቀ ነው፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ዋጋው የወረደው ግን በስክሪኑና በቺፑ ብቻ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ አስገራሚው የሴንሰሮቹ ዋጋ መውደቅ ነው። በ1990ዎቹ ከሲሊከን የተቀረጹ ጥቃቅን አክስለሮሜትሮች በመኪና ውስጥ ገብተው፣ ግጭት ሲደርስ የአየር ከረጢቱ እንዲነፋ ትዕዛዝ ይሰጡ ነበር። የመኪና ፋብሪካዎች በሚሊዮን ሲያዟቸው ዋጋቸው ረከሰ። በ2006 በኒንቴንዶ ዊ መጫወቻ፣ በ2007 ደግሞ በመጀመሪያው አይፎን ውስጥ ገቡ። ዛሬ ስክሪኑ ከስልኩ ጋር አብሮ የሚዞር ማንኛውም ርካሽ ስልክ ይህ ሴንሰር አለው።

አሠራሩን እንመልከት። በሲሊከን ምንጮች የተንጠለጠለች እጅግ ቀላል ቁራጭ አለች። ስልኩ ሲንቀሳቀስ ወይም የመሬት ስበት ሲስባት ትንሽ ትርቃለች፤ በዙሪያዋ ያሉት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰካኩ ሳህኖች ካፓሲታንስ ይለወጣል፤ ሰርኪዩቱ ያንን ለውጥ ይለካል። የቴርሚን የሙዚቃ መሣሪያም የቆመው በዚሁ ሕግ ላይ ነበር። የቁራጯ የተፈጥሮ ፍሪኩዌንሲ 3,000 ሄርዝ ነው ብለን ብናሰላ፣ የመሬት ስበት የሚያርቃት 28 ናኖ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል ያንሳል። እንዲህ ያለውን ርቀት የሚለካ መሣሪያ ኪሳችን ውስጥ አስቀምጠን “ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የለውም” እንላለን። አባቶቻችን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ስልኩን ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው

ሙከራዎቹን ለመሥራት ውድ ፕሮግራም አያስፈልግም። በጀርመን አገር የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቃውንት በ2016 ያወጡት ፋይፎክስ የተባለ ነጻ ፕሮግራም የስልኩን ሴንሰሮች በቀጥታ ያነባል። አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ለእኛ ሁኔታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የመሬት ስበት በእርግጥ 9.8 ነውን? ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ አክስለሮሜትሩን አንብቡ። ምናልባት 9.9 ይል ይሆናል። ስልኩን ገልብጡት፤ አሁን ደግሞ ከዜሮ በታች 9.6 ይላል እንበል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም። የሁለቱ ልዩነት ግማሽ 9.75 ይሆናል፤ የሁለቱ ድምር ግማሽ፣ 0.15፣ የሴንሰሩ የራሱ ስሕተት ነው። ተማሪው በዚህች አምስት ደቂቃ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ትልቅ ነገር ይማራል፤ ማንኛውም መለኪያ ከመታመኑ በፊት ራሱ መለካት እንዳለበት።

ከዚያ ስልኩን ሰዓት ብቻ አድርጋችሁ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም ስቀሉ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ከመሆኗ በላይ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ የመሬት ስበት እዚህ ወደ 9.77 ይጠጋል። ስበቱ 9.80 ቢሆን ኖሮ ፔንዱለሙ 100 ጊዜ ሲመላለስ 200.7 ሴኮንድ ይወስድበት ነበር፤ እዚህ ግን 201 ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል። የሩብ ሴኮንድ ያህል ልዩነት ነው፤ ጥንቁቅ ተማሪ ሊይዘው ይችላል። ለዚህም የክሩን ርዝመት እስከ ተንጠልጣዩ የክብደት ማዕከል ድረስ ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ስሕተት መለካትና ፔንዱለሙን ከጥቂት ዲግሪ በላይ አለማራቅ ያስፈልጋል። ሲሳካለት በከተማው ያለውን የስበት ኃይል ራሱ አግኝቶታል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የድምፅ ፍጥነት ስንት ነው? ሁለት ስልኮችን በ5 ሜትር ርቀት አስቀምጡ። አንዱ ተማሪ በመጀመሪያው ስልክ አጠገብ ያጨበጭባል፤ ጭብጨባው የሁለቱንም ስልኮች የድምፅ ሰዓት ያስነሳል። ሌላው ተማሪ በሁለተኛው ስልክ አጠገብ ያጨበጭባል፤ ሁለቱም ይቆማሉ። ስልኮቹ የመዘገቧቸው ጊዜያት የሚለያዩት ድምፅ 10 ሜትር ለመጓዝ በሚፈጅበት ጊዜ፣ ማለትም በ0.029 ሴኮንድ ገደማ ነው። ሙከራው ካለቀ በኋላ ተማሪዎቹን “በአዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ ይዘገያልን?” ብላችሁ ጠይቋቸው። ብዙዎች አዎን ይላሉ። እውነቱ ግን የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ግፊት ሳይሆን ሙቀቱ መሆኑ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት 343 ሜትር በሴኮንድ የሆነው ፍጥነት በዳሎል የ40 ዲግሪ ሙቀት ወደ 355 ከፍ ይላል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ የምድር ማግኔት እዚህ እንዴት ነው? ማግኔቶሜትር ያለው ስልክ ያገኘ ተማሪ አዲስ አበባ ላይ ወደ 36 ማይክሮ ቴስላ ያህል ያነባል፤ አቅጣጫውም ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሊባል ይችላል። በሰሜን አውሮፓ ተመሳሳይ መለኪያ ወደ 50 ማይክሮ ቴስላ ያሳያል፤ አቅጣጫውም ከ65 ዲግሪ በላይ ወደ መሬት ያዘነብላል። ለዶክትሬት ትምህርት አውሮፓ በነበርኩበት ጊዜ በመማሪያ መጽሐፋቸው የተሳለው ወደ መሬት የዘነበለ የማግኔት ቀስት ለእነርሱ ተራ ነገር ነበር፤ ለእኔ ግን እንግዳ ነበር። ምክንያቱም የማግኔት ወገብ የሚያልፈው በአገራችን ላይ ነው። የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ተቋም በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት አካባቢ፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን በፒየር ጉዊን ሲመሠረት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ሌላው ዓለም ሊለካው ወደ እኛ የመጣውን ነገር እኛ በኪሳችን ይዘነው እንዞራለን።

ውዱ ሐሳብ በርካሹ ስልክ

አሁን ሁለቱን ዕቃዎች እናገናኛቸው። በ2012 የማይክሮሶፍትና የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ የሚያምር ሐሳብ አቀረቡ። ተራ ኮምፒውተር በድምፅ ማጉያው ከ18,000 ሄርዝ በላይ የሆነና አብዛኛው ጎልማሳ የማይሰማው ድምፅ ያወጣል፤ በማይክሮፎኑ ደግሞ ተመልሶ የሚመጣውን ያዳምጣል። እጅ ወደ ኮምፒውተሩ ሲቀርብ የተንጸባረቀው ድምፅ ይቀጥናል፤ ሲርቅ ይወፍራል። አምቡላንስ ሲያልፍ የምንሰማው የዶፕለር ክስተት ነው።

ስሌቱን እዩት። ድምፁ 18,000 ሄርዝ፣ የእጁ ፍጥነት ግማሽ ሜትር በሴኮንድ ቢሆን፣ ለውጡ 2 ሲባዛ በ0.5 ሲባዛ በ18,000 ሲካፈል ለ343፣ ማለትም 52 ሄርዝ ያህል ነው። የአሥረኛ ሴኮንድ ድምፅ ወስዶ የሚተነትን ፕሮግራም 10 ሄርዝ ያህል ልዩነት መለየት ስለሚችል 52 ሄርዝ አያመልጠውም። የስልክ ማይክሮፎን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ስለሚቀዳ እስከ 22,000 ሄርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ ሊይዝ ይችላል። ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን የሌለው ስልክ ደግሞ የለም። ራዳር የተገጠመለት የ799 ዶላር ስልክ የሞከረውን ምልክት ማወቅ፣ በጣም ርካሹ ስልክ በመርሕ ደረጃ ሊሞክረው ይችላል ማለት ነው። እዚህ ላይ የጎደለን ስለ ዶፕለር፣ ስለ ፎሪየር ትንተናና ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ ያለ ዕውቀት ነው፤ ይህንን ደግሞ የሚሰጥ ፋኩልቲ አለን።

የእኛ እጅ፣ የእኛ ምልክት

ይህን ሥራ ሌሎች እስኪሠሩልን መጠበቅ የሌለብን ሌላም ምክንያት አለ። ምልክት እንደ ቋንቋ የየአገሩ ነው። እኛ ሰውን “ና” ብለን ስንጠራ መዳፋችንን ወደ ታች አድርገን ጣቶቻችንን እናወዛውዛለን፤ በሌላ አገር የተሠራ መሣሪያ ይህንን “ሂድ” ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። እስትንፋሳችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን “አዎን” እንላለን፤ ሌላው ደንግጠናል ብሎ ያስባል። መሣሪያ የሚያውቀው ያስተማሩትን ብቻ ነው።

ጉዳዩ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው መስማት ለተሳናቸው ወገኖቻችን ነው። በኢትዮጵያ የጣት ፊደል ተነባቢው በእጅ ቅርጽ ሲገለጽ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። የቆመ ፎቶግራፍ ብቻ የሚመለከት የውጭ ፕሮግራም “በ”ን ከ“ቡ” ሊለይ አይችልም ማለት ነው። የምልክት ቋንቋ ሰዋስውም በእጅ ብቻ አያልቅም፤ ፊትና ትከሻም ይናገራሉ። በውጭ አገር የተሠሩ አንዳንድ “ተርጓሚ ጓንቶች” መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ነቀፌታ የገጠማቸው ይህንን ስለዘነጉ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። የፊዚክስ፣ የኮምፒውተር ሳይንስና የምልክት ቋንቋ ተማሪዎች በአንድ የመመረቂያ ሥራ ላይ አብረው ቢቀመጡ፣ ማንም ነጋዴ ሊሠራልን የማይቸኩልለትን ነገር ሊጀምሩት ይችላሉ።

የተቃዋሚዎቹ ክርክር

ስልክን የሚከለክሉ መምህራን ያለ ምክንያት አልተነሡም። በግንቦት 2016 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጭቶ ተሰርዞ እንደነበር አንረሳም። ዩኔስኮም በ2023 ባወጣው የትምህርት ሪፖርት ስልክ የተማሪዎችን ትኩረት እንደሚሰርቅ አስጠንቅቋል። እኔም በማስተምርበት አዳራሽ ጀርባ ላይ የሚበሩ ስክሪኖችን አያለሁ። ፈተና ላይ ስልክ መከልከሉን፣ በመደበኛ ክፍለ ጊዜም ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ መቀመጡን እደግፋለሁ።

ነገር ግን መቀስ ይቆርጣል ተብሎ ከልብስ ስፌት ቤት አይባረርም። ስልኩ በሳምንት አንድ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ፣ በመምህር ፊት፣ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ፣ ለተወሰነ ጥያቄ ይውጣ። ተማሪው ስልኩ መለኪያ መሆኑን የሚያውቀው ሲለካበት ብቻ ነው፤ የተነጠቀ ስልክ ግን ከደወሉ በኋላ ተመልሶ መዝናኛ ብቻ ይሆናል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የእኩልነት ነው። ስልክ የሌለው ተማሪ ምን ይሁን? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስለዚህ የግል ስልክ ይዛችሁ ኑ የሚል የቤት ሥራ መስጠት ተገቢ አይደለም። ሙከራው በአምስት ተማሪ አንድ ስልክ ይሠራ፤ አንዱ ይለካ፣ አንዱ ይመዝግብ፣ አንዱ ያስላ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ወይም ባትሪው የደከመ አሮጌ ስልክ አክስለሮሜትሩ ደህና ነውና፣ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያሉትን በስጦታ ይሰብስቡ።

ሦስተኛው ተቃውሞ የጥራት ነው። ብዙ ርካሽ ስልኮች ጋይሮስኮፕ፣ ማግኔቶሜትርና የአየር ግፊት መለኪያ የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆኑ ስሕተታቸው የትየለሌ ነው። እውነት ነው፤ ስልክ የእውነተኛ ቤተ ሙከራ ምትክ አይሆንም፤ ማንም ባለ ሥልጣን ይህንን ጽሑፍ ለቤተ ሙከራ በጀት መቀነሻ እንዳያደርገው እለምናለሁ። ቢሆንም በቁም ሣጥን ተቆልፎ ተማሪ ከማይነካው ትክክለኛ መሣሪያ፣ ተማሪው የሚይዘውና ስሕተቱን ራሱ የሚያገኝበት ሻካራ መሣሪያ የተሻለ አስተማሪ ነው።

ምን ይደረግ?

ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን፦ በአንድ ሴሚስተር ከላይ ከተጠቀሱት ሦስት ሙከራዎች አንዱን ብቻ ሞክሩ፤ ሦስቱም ከስልክ ሌላ የሚጠይቁት ክር፣ ሜትርና ጭብጨባ ነው። ለፋኩልቲያችን፦ የመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ቢያንስ ሁለት የስልክ ሙከራዎችን ይጨምር፤ የመምህርነት ተመራቂዎችም በእነዚህ ሳይሠለጥኑ አይውጡ። ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ አንድ ሥራ ልስጥ። በየከተማችሁ ያለውን የስበት ኃይል በፔንዱለም ለኩ፤ የከተማውን ከፍታ፣ የክሩን ርዝመት፣ የመቶ ምልልስ ጊዜውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የስሕተታችሁን ግምት ጽፋችሁ ለዚህ መጽሔት ላኩ። ከአዋሽ ሸለቆ፣ ከደሴ፣ ከጎንደር፣ ከጅማና ከባሌ ተራሮች የሚመጡት ቁጥሮች አንድ ላይ ሲሰፍሩ የአገራችን ከፍታና ዝቅታ በሰዓት ልዩነት ይታይ እንደሆነ አብረን እንመለከታለን። አንዳንዱ ቁጥር የተሳሳተ ሆኖ ይመጣል፤ እርሱንም ምክንያቱን ፈልገን እናትመዋለን።